አቶ ግዛቸውና የፈታሾች ኪስ

በየሰፈሩ ከአብዮት ጠባቂ ይበልጥ የሚያስፈራ አንድ ጎረቤት አይጠፋም፤ መብቱንና ግዴታውን የሚያውቅ ባለቤት። በአዋሳ፣ ከሐይቁ ወዲህ ባለው ቀበሌ፣ እኚህ ሰው አቶ ግዛቸው ይባሉ ነበር። አጥር የምትጋራቸው አስካለ ግን «ክቡር የቦይና የአጥር ሚኒስትር» ትላቸዋለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ። «አስካለ! በርሽ ፊት ያለው ቦይ ተደፍኗል። ግዴታሽን ሳትወጪ መብት አለኝ እንዳትዪ!» እንግዳ ሲመጣባት ከእሷ ቀድመው «ቀበሌ ተመዝግቧል?» ይላሉ። የልብስ ማስጫ ገመዷን እንኳ መንገድ ገብቷል ብለው አስፈትተዋታል። «እኚህ ሰውዬ መቃብራቸውንም በሜትር ሳያስለኩ አይገቡበትም» እያለች ትበግናለች።

ለመንግሥት ሰዎችም አይመለሱም። ለፍተሻ ሲመጡባቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው «መጀመሪያ እናንተ ኪሳችሁን ገልብጡ!» ይላሉ። ሰፈርተኛው ያፍርባቸዋል፤ መዘዛቸውንም ይፈራል።

ባለሱቁ ሙህዲን ግን ትሑት ነበር። ፈታሾቹን «ቤታችሁ ነው፣ ግቡ» አላቸው። ከስኳር ጆንያው ሥር የሽጉጥ ጥይት «ተገኘ»። ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው! ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አስካለ ቤት መጡ፤ ባሏን ፍቅሬን ፈልገው። የጠባቂዎቹ አለቃ ኩማ ሊገባ ሲል አቶ ግዛቸው ቀድመውት በሩን ሞሉት።

«ኪስ!»

«ምን አገባዎት አባባ? ቤቱ የእርስዎ ነው?»

«ጎረቤት ምስክር ነው። ኪስህን ገልብጥና ግባ።»

«አብዮቱን ሊፈትሹ ነው?»

«አብዮቱ ኪስ የለውም። አንተ ግን አለህ።»

ኩማ እጁን ከኪሱ አላወጣም። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያንን እጅ ያይ ጀመር። ያኔ አስካለ ጮኸች፤ «ይገልብጥ!»

ኩማ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌውን በሰደፍ ደቃቸውና እየገፋ ወሰዳቸው። ቤቱ ሳይፈተሽ ቀረ።

በማግስቱ አስካለ ቆጮና ጎመን ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ቆመች። በሕይወት መኖራቸውን የሚነግራት አላገኘችም። ዘበኛው ምግቡን ሊፈትሽ ጣቶቹን ሲሰድ ደሟ ፈላ።

«እጅህን ታጠብ!»

«ምን አልሽ?»

«የሰው ምግብ ነው። ታጠብ አልኩህ!»

ከእስር ክፍሉ የቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ የደከመ ድምፅ መጣ፤

«በሳሙና!»

«እኚህ ሽማግሌ!» አለች አስካለ። ንዴቷ ሳይበርድ እንባዋ ቀደማት።