የወይዘሮ በየነች ክርክር በቡናው መጋዘን

ዋጋ የማይከራከር ሰው የለም፤ ክርክርን እንደ ሙያ የያዙት ግን ጥቂቶች ናቸው። በየከተማው አንድ አንድ አይጠፉም፤ ነጋዴ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ራሱን ያመዋል። የሚዛን ተፈሪዋ የእኛዋ ኮረሪማ ነጋዴ፣ ክብርት ወይዘሮ በየነች ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ዕድሜውንም ቢሆን ትንሽ ሳያስጨምሩ ዝም ብለው የሚቀበሉ አይመስለኝም።

ምንም ንገሯቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ የእውነቱን ንገረኝ» ይላሉ። ባለ ጨርቁ ሸምሱ ሲመጡ ካየ ሱቁን ዘግቶ ለሶላት ይሄዳል፤ ሰዓቱ ባይደርስም። ከባለ ባጃጅ ጋር በዋጋ ካልተስማሙ መንገድ ላይ ወርደው በእግራቸው ይቀጥላሉ፤ እሱም «ኧረ እትዬ ይግቡ!» እያለ እስከ ጎረቤት ከተማ አማን ድረስ ይከተላቸዋል። የንስሐ አባታቸው አርባ ስግደት ቢያዟቸው፣ «አባ፣ ጉልበቴን እያወቁት? ሃያ ያድርጉልኝ፤ ሃያውን ግን ከልቤ እሰግዳለሁ» ብለው በሠላሳ ተስማሙ አሉ። አባ ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ነው የሚጀምሩት።

ታዲያ በ2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ ሰሞን፣ «የታሰረው መምህራችን ይፈታ» ያሉ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ድንጋይ አልተወረወረም፣ መስኮት አልተሰበረም። ቢሆንም አርባ ሦስቱ ተለቅመው አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ ተከተቱ። ከነሱ አንዷ ወይዘሮ በየነች ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ሳባ ነበረች። ሳባ አስም አለባት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ መኪና መጥቶ ሁሉንም «ለተሃድሶ» እንደሚወስዳቸው ተሰማ። የት? የሚናገር የለም፤ የሚጠይቅም ተከትሎ ይገባል።

ወይዘሮ በየነች ሄደው ጠየቁ። የስም ዝርዝር ይዞ በሩ ላይ የቆመው ኢንስፔክተር ባየ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ገበያ አይደለም፤ ይመለሱ» አላቸው።

«ገበያማ ቢሆን እንዲህ አትቆጣኝም ነበር፣ ልጄ። አርባ ሦስቱንም ፍታልኝ።»

ሳቀ። «አንድም አልፈታም።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ የእውነቱን ንገረኝ። ሃያ?»

«እማማ!»

«ሴቶቹን ብቻ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!»

ይሄኔ ዕቃውን ማጣጣል ጀመሩ፤ መቼም ገዢ የሚያጣጥለው አጥብቆ የፈለገውን ነው። «እስቲ እያት ሳባን! ዳገት ስትወጣ የምታለከልክ፣ በረሮ አይታ የምትጮህ። ይቺ ናት መንግሥት የምትገለብጥ? ይቺን ጭናችሁ ስትሄዱ ሰው ቢያያችሁ አታፍሩም?» ሳባ ከውስጥ ሰምታ «ኧረ አክስቴ!» ብላ ተቆጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅ ያልተሰማበት መጋዘን በሳቅ ተናጋ።

ባየ ግን ንቅንቅ አላለም። የመኪናው ድምፅ ከዳገቱ ሥር መሰማት ጀምሯል። ወይዘሮ በየነች በሕይወት ዘመናቸው ተሸንፈው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ የመሰላቸው ያን ጊዜ ብቻ እንደሆነ ኋላ ነግረውኛል።

«በቃ ውሰዳት» አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሁለት እርምጃ ሄዱ። የጠራቸው የለም። ራሳቸው ተመለሱ። «ውሰዳት፤ ግን ያለ ደረሰኝ አላስረክብም። ሳባ የምትባል አስም ያለባት ልጅ በሕይወት ተረክቤያለሁ ብለህ ጻፍና ፈርምልኝ።» ከጉያቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ።

በዚያ ዘመን አዛዥ ሞልቷል፤ የሚፈርም ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ባየ ወረቀቱን አየ። ስልክ ደወለ። «አንተው ፈርም» አሉት መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። በመጨረሻ ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሰረዘበት።

«ሳባ! ነይ ውጪ። ይዘዋት ይሂዱ፣ እማማ፤ ቶሎ ብቻ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጣል። እሳቸው የሳባን ክንድ ጭምቅ አድርገው እንደያዙ ቆሙ።

«ምራቂውስ?»

«የምን ምራቂ?»

«ኮረሪማ ስትገዛኝ አንድ እፍኝ ሳልመርቅልህ ቀርቼ አውቃለሁ? ያንን በሩ ሥር የተቀመጠውን ቀጭኑን ጨምርልኝ።»

ባየ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ይውሰዱት!» አለ።

ስንቅ ይዘው የቆሙት እናቶች ይህን ሁሉ አይተዋል። መኪናው ሲደርስ እያንዳንዳቸው ከልጆቻቸው ደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዘው፣ «ለኔም ፈርምልኝ!» እያሉ በሩን ሞልተውት ነበር። መኪናው እስከ ከሰዓት ቆሞ ባዶውን ተመለሰ። ልጆቹም ሁለት ሦስት እየሆኑ ወጡና በሳምንቱ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። መምህሩ ግን ዓመት ከርሞ ነው የተፈታው፤ ያን ቀን ከተማው ሁሉ ሊቀበለው ወጣ፣ ማንም አልከለከለንም።

በምራቂ የወጣሁት እኔ ነኝ። ከማጂ ለትምህርት መጥቼ በከተማው አንድ ዘመድ አልነበረኝም። ባጃጅ ውስጥ ከሳባ ጎን ተሸጉጬ፣ «እናቴ፣ ለምን እኔን መረጡ?» አልኳቸው።

«ሦስት ቀን ስንቅ ስናመጣ የሁሉም ስም ይጠራል። አንተን የጠራ አልነበረም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ባውቀው እኔ እጠራህ ነበር። ማነው ስምህ?»

«እንድርያስ።»

ባለ ባጃጁ እስኪደነግጥ፣ በመጋዘኑ በር ላይ እንደሚጠራው አድርገው፣ ጮክ ብለው «እንድርያስ!» አሉ።

«አቤት» አልኩ።