ጋቢው እስኪነጣ

ሰውን የሚለውጠው ትልቅ ነገር ይመስላችኋል? እኔስ ትንሽ ቅጥያ ናት እላለሁ። ትናንት አብሯችሁ ሙዝ ሲልጥ የነበረ ጎረቤት፣ ስሙ ፊት «ሊቀ መንበር» የምትል ቃል በተለጠፈች ማግስት ሰላምታችሁን በአገጩ ይቀበላል። ሰውዬው ያው ነው። ቀለሙ ግን ሌላ ነው።

ሞለኪውልንም እንዲሁ ያደርገዋል። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ አርባ ምንጭ ኬሚስትሪ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነበር። ነጠላና ድርብ ማሰሪያ እየተፈራረቁ ያያያዙት ሞለኪውል አለ እንበል። ብቻውን ሲሆን የሚውጠው ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ቀለም የለውም። ጫፉ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ስታንጠለጥሉበት ግን አምሮቱ ይለወጣል፤ ዓይን ወደሚያየው ብርሃን ይጠጋል። የእርድ ቢጫም እንዲህ ያለ ሞለኪውል ነው፤ ብርሃኑን የሚለካ መሣሪያ ትምህርት ቤታችን ስላልነበረ እኔ ከገበያ እርድ ገዝቼ ሳሙና እጨምርበታለሁ። ሳሙናው ያቺን የጫፍ ሃይድሮጅን ሲነጥቀው ቢጫው ደም ይመስላል። ልጆቹ ያጨበጭቡልኛል፤ እኔም እኮራለሁ።

ለመስቀል የፍቅረኛዬ የአየለች አባት ዶርዜ ጠሩኝ። ሸማኔ ናቸው፤ ልጃቸውን ይስጡኝ አይስጡኝ ገና አልወሰኑም። በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ጋቢ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ክብር ነው። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ጉርሻ አልጫውን አፈሰስኩበት።

አሁን ማን ይሙት፣ እርድ በሳሙና ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ነበር? የአዋቂ አጥፊ! ጓሮ ተደብቄ በሳሙና ፈተግኩት። ጋቢው በግ የታረደበት መሰለ። ቀና ስል አባቷ ቆመዋል።

«አስተማሪ፣ ማንን ገደልክ?»

«አባባ፣ ሳሙናው ሃይድሮጅኑን ወስዶበት ነው» አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቷ ሎሚ ቆርጠው ጨመቁበት። ቀዩ ወደ ቢጫ ተመለሰ። «ቢጫውን ደግሞ ፀሐይ ይበላዋል» ብለው አጥር ላይ አሰጡት። «ሲነጣ ና። የልጄን ነገር ያኔ እንነጋገራለን።»

የዶርዜን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ እዚያ በእንግድነት ነው የሚመጣው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጋቢው ቢጫ፣ የእኔም ፊት ቢጫ ሆኖ ሰነበትን። በሁለተኛው ሳምንት አየለች ጋቢውን ከአጥሩ አንሥታ፣ አይሱዙ ላይ ወጥታ አርባ ምንጭ ወረደችና እኔ ግቢ አሰጣችው። የቆላው ፀሐይ በሦስት ቀን አነጣው።

ዶርዜ ይዘንላቸው ስንወጣ አባቷ እያገላበጡ አዩት። «ይኼ የዶርዜ ፀሐይ አይደለም» አሉ። «ላንተ ብላ ጋቢ ተሸክማ ቆላ የወረደች ልጅ እኮ እኔን ሳትጠይቅ ወስናለች። በል ልበሰው፣ አማቼ።»

ሰውዬው ያው እኔ ነበርኩ። ፊቴ ግን ቀላ።