ክቡር ትንሽ ቀረው የሠሩልን ጥርስ

ሥራ የማያስረክብ ባለሙያ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ሠርጉ ያልፋል፤ አናጺ ከሆነ ቤቱ ያለ በር ይከርማል። የእኛው በሰፈራችን ክሊኒክ ያሉት ጥርስ ሠሪ ናቸው። የክሊኒኩ ሰው ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል «ክቡር ትንሽ ቀረው» ብሎ ሰይሟቸዋል።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጥርሶቿ የበቀሉት ያለ ጠንካራ ሽፋናቸው ነው። ሐኪሟ «ከስንት ሺህ ልጅ አንዱ ላይ የሚታይ ነው» አለችን። ቢጫ፣ ስስ፣ ዳቦ ስትነክስ የሚሸረፉ። ቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅሳት ነበር። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗ ነበር። ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ክቡርነታቸው ለጥርሶቿ ሽፋን ሠርተው ለማስረከብ አንድ ሳምንት ብለው ሦስት ወር ወሰዱ። በየሙከራው «ሃምሳ በይ፣ ፈረስ በይ» እያሏት «ሰ» እና «ፈ» በደንብ መውጣታቸውን ለመስማት ጆሯቸውን አፏ ላይ ይደቅናሉ። ከዚያ ሥራቸውን በብርሃን ያገላብጡና «ትንሽ ቀረው!» ብለው ወደ ክፍላቸው ይዘውት ይገባሉ። እኔ አግዳሚው ላይ ቀርቼ አማቸዋለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ጌታዬ፣ ልጅቷ እኮ እስክትዳር አትጠብቅዎትም!»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እስቲ ይሳቁ» አሉኝ።

«በምን ልሳቅ?»

«በእኔ ይሳቁ። እንደሚያሙኝ አውቃለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጎንበስ ብለው ጥርሴን አዩ፣ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉና ሄዱ።

በሳምንቱ ሐኪሟ ሥራቸውን ልጄ አፍ ውስጥ ሞክራ ተቆጣች። «የፊቶቹ መሃል ክፍተት አለ፤ ይዘጋ!»

«አይዘጋም» አሉ ክቡርነታቸው። ቀጥለውም ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገሩ። «አልቋል።»

ልጄ መስታወቱን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

«አባዬ! የአንተ ፍንጭት!» ብላ ሳቀች፤ መንጋጋዋ እስኪታይ። ሐኪሟም ፈገግ ብላ ጓንቷን አወለቀች። እኔ የክቡርነታቸውን ትከሻ ስሜ፣ «ስላማሁዎት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ባለፈው ለክትትል ስንሄድ፣ አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ትብከነከናለች። «እኚህ ሰውዬ ሥራ መጨረስ አያውቁም እንዴ?»

«አያውቁም እህቴ፤ ግን ጠብቂያቸው» አልኳት።

ልጄ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ልጅየው ፊት ቁጢጥ አለችና አፏን በሰፊው ከፈተችለት።