የጎረቤቴ አግዳሚ ወንበሮች

ለሰው ዕረፍት እያሰበ ራሱ ዕረፍት የሚያጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ ጎረቤቴ ነው። መሐንዲስ ነው፤ በደብረ ታቦር የእግረኛ መንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር የሚያስተክለው እሱ ነው። ጥላውን አጠና፣ ነፋሱን አጠና፣ ዳገቱን አጠና። ከዚያ ወንበሮቹን በሙሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙሮ አስተከላቸው። «ሰው ሰው እያየ ይረፍ» አለኝ። ምን ክፋት አለው?

እሑድ ጠዋት «ና፣ አብረን እንሞክረው» ብሎ ወሰደኝ። ተቀመጥን። ለካ ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ኖሯል! አንድ አዛውንት ብቅ አሉ። «ኖር!» ብለን ተነሣን። «በእግዜር» ብለው አለፉ። ወንበሩን ገና ሳንነካው ሁለት እናቶች መጡ። «ኖር!» ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ የቄሱ ታላቅ ወንድም። ሽማግሌ አያልቅም እንዴ በዚህ አገር? መቼም ታላቅ ሲያልፍ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው፤ ደፍሮ የሚያደርገው የለም። መሐንዲሱ ላቡን ጠረገ። እኔም ኮቴን አወለቅሁ።

በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙና በሐዘኔታ አዩን።

«ልጆቼ፣ እንዲህ ከምትደክሙ» አሉ፣ «ትንሽ ቆማችሁ ብታርፉስ?»