ነፋስ የመለሰው ወረቀት

[የስልጠና ክፍል። ሻምበሉ የጦር መረጃ ቡድኖችን ያሰለጥናል። ዛሬ የልምምድ ቀን ነው፤ የእሱ ሰማያዊ ቡድን ኮረብታው ላይ የመሸገውን ቀይ ቡድን ያለ ጥይት፣ በበራሪ ወረቀት ብቻ ማስወረድ አለበት። የሻምበሉ ሹመትም በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገር ሁሉ ዘግይቶ ስለሚገባው «አርፋጁ» የተባለው ሰልጣኝ እያለከለከ ገብቷል።]

ሻምበሉ፦ ወሬ አትበለኝ አልኩህ። መረጃ ነው የሚባለው።

አርፋጁ፦ እሺ ሻምበል። የሰማሁት ግን ወሬ ነው።

ሻምበሉ፦ ሜዳ ላይ እያለ ወሬ ነው። በዚህ በር ሲገባ መረጃ ይሆናል።

አርፋጁ፦ በሩ ላይ ምን ያደርጉታል?

ሻምበሉ፦ ተወው። ሰዎቹ ወረቀቱን አነበቡት?

አርፋጁ፦ አነበቡት። መነጽር የሌላቸውም በጓደኛ አስነበቡ።

ሻምበሉ፦ [እጁን እያፋተገ] የቱ ጋ ነው ልባቸው የተነካው?

አርፋጁ፦ «ወንድሜ ሆይ፣ አለቆችህ ጥላ ሥር ተጋድመው አንተ ለምን በፀሐይ ትንቃቃለህ? ና፣ ትኩስ ምሳ አለ» የሚለው ጋ። «እውነቱን እኮ ነው» ተባባሉ።

ሻምበሉ፦ አየህ? የሰውን ሆድ ሳታውቅ ልቡን አታገኝም። የመረጃ ሰው ሥራው ይኸው ነው፤ ማን በምን እንደከፋው አጥንቶ ለጸሐፊዎቹ ማቀበል። የዛሬውን ግን ራሴው ነኝ የጻፍኩት። ከዚያስ?

አርፋጁ፦ አፈሙዛቸውን ዘቅዝቀው ተሰለፉ።

ሻምበሉ፦ ሁሉም?

አርፋጁ፦ ወጥ ቤቱ ሳይቀር።

[ሻምበሉ ስልኩን ብድግ ያደርጋል። የሹመቱ ምልክት ገና ካሁኑ ትከሻው ላይ ከብዶታል።]

ሻምበሉ፦ ጌታዬ ጄኔራል፣ ቀንቶናል። አንዲት ጥይት ሳንተኩስ... አዎ፣ አንድም ሰው አልቀረም... እንዴታ፣ ተጣርቷል። [ስልኩን ይዘጋል] በል፣ በየት በኩል እየመጡ ነው?

አርፋጁ፦ እነማን?

ሻምበሉ፦ ምርኮኞቹ ናቸዋ።

አርፋጁ፦ የሚመጣ የለም። ሄዱ እንጂ።

ሻምበሉ፦ የት?

አርፋጁ፦ ወደ ኮረብታው።

ሻምበሉ፦ ድሮስ ኮረብታው ላይ አይደሉም እንዴ?

አርፋጁ፦ ቀዮቹማ እዚያው አሉ። እኔ የማወራው ስለ እኛ ሰዎች ነው። ነፋሱ ወረቀቱን መልሶ እኛው ሰፈር ዘራው። የላኪው ስም ስለሌለበት ከቀዮቹ የመጣ መሰላቸው።

[ሻምበሉ ለምርኮኞች ካስደረደራቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ዘጭ ይላል። ስልኩን ያያል፤ ሊያነሳው ይልና እጁን ይሰበስባል።]

ሻምበሉ፦ አንተ ታዲያ ቆመህ ታያቸው ነበር?

አርፋጁ፦ ኧረ አብሬያቸው ሄድኩ እንጂ። ቀዮቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ኋላ ግን ምሳቸውን አካፈሉን። የቀሩት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ «ይዘኸው ና» ብለው ልከውኝ ነው።

ሻምበሉ፦ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቅክ አመንክ?

አርፋጁ፦ ለዚያ እኮ ነው ያመንኩት፣ ሻምበል። ያንን ስለ አለቆች የሚለውን ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን፣ የእርስዎን ስም ለማጥፋት ነው እል ነበር።