እትዬ ቆይ እና የቦይለሩ ብየዳ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ብቻውን የሚያዘግም አንድ ሰው አይጠፋም። ስብሰባ ተጀምሮ ወንበር ያማርጣል፤ አሳንሰር ውስጥ ገብቶ ወደ ስንተኛ ፎቅ እንደሚሄድ ያስባል። በብረት ምርመራው ቤተ ሙከራ ይህን ማዕረግ የያዙት አንዲት ሴት ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሰው እትዬ ቆይ ናቸው።

ስልክ ሲጮህ “ቆይ” ይላሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው “ቆይ፣ ይብረድ” ይላሉ፤ ሲበርድ ደግሞ ቀዘቀዘ ብለው ይመልሱታል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሌላው ሰው ተረት መሆኑ ይገባዋል፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው የሚጠብቁት ይመስላሉ።

ይህን ዕዳ ከማንም በላይ የተሸከመው ምክትላቸው ነው። እሳት የላሰ ተመራማሪ ነው፤ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሚስቱ “አንተ እኮ ስትወለድም አዋላጇን አጣድፈሃል” ትለዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዕጣው ከእትዬ ቆይ ጋር፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፊት የጣለው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥፍር የምታክል ብረት መስተዋት እስክትመስል ትወለወልና ማይክሮስኮፑ ሆድ ውስጥ፣ ትንሽ ማሞቂያ ላይ ትታሰራለች። አየሩ ተመጥጦ ይወጣል። ከዚያ ብረቷ እየጋለች በሁለት ጫፏ ትጎተታለች፤ ዓይን የማያየው ገጿም ስክሪኑ ላይ እንደ ሰፊ ማሳ ይዘረጋል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉ ይንሸራተታል። ምክትሉ እያሳደደ ሊይዘው ይታገላል። እትዬ ቆይ እጃቸውን አጣጥፈው “ተዋት፣ ደንግጣ ነው። ትረጋጋለች” ይላሉ፤ ስለ ብረቷ።

አንድ ቀን ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሰበረ ቧንቧ መጣ። የቦይለር ቧንቧ ነው፤ ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞችን እንፋሎት አቃጥሏቸዋል። የፈነዳው ከብየዳው አጠገብ ስለነበር ጣት ሁሉ በያጁ ላይ ተቀስሯል። ሥራ አስኪያጁም ቦይለሩን ለማስነሣት ቸኩሎ “ብየዳው ነው አይደል? ነው በሉኝና ልገላገል” እያለ ይደውላል።

እትዬ ቆይ ጥርሳቸውን ሊታከሙ በሄዱበት ምክትሉ ሥራውን ጨርሶ ሊጠብቃቸው ፈለገ። ከብየዳው አጠገብ ቁራጭ ቆርጦ አስገባና ሙቀቱን ሽቅብ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ልክ በብየዳው ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሮጠ። ስንጥቅ ነው። ደስ አለውና ስልኩን አንሥቶ ለሥራ አስኪያጁ “ብየዳው ነው” አለው።

እትዬ ቆይ ጉንጫቸው እንዳበጠ ተመለሱ። ስክሪኑን አዩ፤ ሙቀቱ እንዴት እንደወጣ የሚያሳየውን መስመርም አዩ።

“ቦይለሩ ጠዋት ሲነሣ እንዲህ ነው የሚሞቀው?”

“አይ... እንዲህ እንኳን አይፈጥንም።”

“ታዲያ የሰነጠቅከው አንተ ብትሆንስ? ብየዳውና ቧንቧው እኩል አይለጠጡም። ባንድ ጊዜ ካጋልካቸው ይጣላሉ።”

ምክትሉ ስልኩን አየ። ከዚያ በቀስታ “ደውዬለታለሁ” አላቸው።

ምክትሉ እትዬ ቆይ ሲቸኩሉ ያየው ያኔ ብቻ ነው። ወንበሩን ገፍተው ተነሡ፤ ነጠላ ጫማቸው ካንድ እግራቸው ወልቆ ቀርቶ በባዶ እግራቸው ስልኩ ጋ ደረሱ። “ጌታዬ፣ የነገርንህ ስሕተት ነው። በያጁን እንዳታባርር። ቦይለሩንም እንዳትነካ” አሉ፣ ባበጠ ጉንጫቸው እየተኮላተፉ። ሥራ አስኪያጁ ጮኸ። እሳቸው አልጮኹም፤ ግን እሺ እስኪላቸው ስልኩን አልዘጉም። ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው እንደ ልማዳቸው አዘገሙ።

ከዚያው ቧንቧ የተቆረጠ ሌላ ቁራጭ አብረው አስገቡ። ጥቂት ያሞቃሉ፤ ይጠብቃሉ። ምስሉ ሲረጋ ደግሞ ጥቂት። ምክትሉ ጥፍሩን ጨረሰ፤ ግን እጁን የሙቀቱ ማዞሪያ ላይ አላሳረፈም። የቧንቧው የሥራ ሙቀት ላይ ሲደርሱ እዚያው አቆዩት። በማግሥቱም ብየዳው ንቅንቅ አላለም። ከብየዳው ፈቀቅ ብሎ ግን፣ በራሱ በቧንቧው ብረት ላይ፣ ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ አሉ። እየተጠጋጉ ተያያዙና መሰንጠቅ ጀመሩ። ቧንቧው ከመነሻው የዚያ ሙቀት ሰው አልነበረም፤ ብረቱ ያንን ሙቀት የሚችል ዓይነት አይደለም። ቦይለሩ ውስጥ ደግሞ የዚሁ ብረት እኅትና ወንድም የሆኑ ሌሎች ቧንቧዎች ነበሩ። ቦይለሩ አስቀድሞ ተነሥቶ ቢሆን ተረኛው ማን ይሆን እንደነበር እግዜር ያውቃል።

በያጁ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ገና በሩ ላይ ሳለ የጠየቀው ከሥራ ስለ መባረሩ አልነበረም።

“ሁለቱን የፋብሪካ ልጆች ያቃጠልኳቸው እኔ አይደለሁም?” አለ።

“አንተ አይደለህም፣ ወንድሜ” አሉት እትዬ ቆይ።

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እትዬ ቆይ አይዞህም፣ በቃህም አላሉት። እስኪወጣለት ድረስ አጠገቡ ተቀመጡ። ምክትሉ ሊወጣ ቦርሳውን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

ብዙም ሳይቆይ ለምክትሉ ከዓመታት ልመና በኋላ የራሱ ክፍልና አዲስ ማይክሮስኮፕ ተፈቀደለት። ክፍሉ መስኮት አለው፤ መሣሪያውም ፈጣን ነው። ግማሽ ቀን ተቀምጦበት ቁልፉን ለዳይሬክተሩ መለሰ።

ማታ ሚስቱ “ምን ጎደለው?” አለችው።

“ምንም አልጎደለውም።” ትንሽ አሰበ። “እዚያ ‘ቆይ’ የሚለኝ ሰው የለም።”

ሚስቱ ማንኪያውን አስቀምጣ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፤ ትኩሳት እንዳለው ልታይ።