የእትዬ ዘነበች እንቁላልና የእኔ ባትሪ

በዚህ ከተማ ሰው ከእንቁላል የሚሻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መብራት አብርቶ ውስጡን የሚያየው የለም! እንቁላል ብንሆን ኖሮ ስንቶቻችን ከካርቶኑ ተለቅመን እንወጣ ነበር... ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እንጀራዬ እንቁላል ማየት ነው።

አትሳቁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካለ አንድ የእንቁላል ሱቅ ውስጥ፣ ከተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እንቁላል እመረምራለሁ። መሣሪያዬ የስልኬ ባትሪና ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ቱቦ ካርቶን ነው። የካርቶኑን አንድ ጫፍ መብራቱ ላይ አቆማለሁ፤ በሌላው ጫፍ የእንቁላሉን ወፍራም ጎን አስቀምጣለሁ። ትኩስ ከሆነ እንደ ብርቱካን ይፈካል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ባዶ ቦታም ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ሲቆይ ባዶዋ ትሰፋለች፤ አስኳሉም እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል። ከተበላሸ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ምንም አያሳይም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ? እንቁላል ግን እያደር ይጠቁራል!

አሠሪዬ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ «በዘመናዊ መብራት የተመረመረ እንቁላል» የሚል ጽሑፍ ሰቅለዋል። ዘመናዊው መብራት እንግዲህ መስታወቱ የተሰነጠቀው የእኔ ስልክ ነው።

ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ስድስተኛ» አልኩ፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለጫማቸው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩማ!

«ወሬ ታበዣለሽ?»

ዝም።

«ጎሽ! ነገ ጀምሪ።»

እኔ ሞኟ፣ ጨዋነቴን ወደዱልኝ ብዬ ቤቴ እስክደርስ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ። ቤቴ እስክደርስ ስል ደግሞ ቀላል መንገድ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ መካኒሳ ነው፤ እኔ ግን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው ካልወረደ ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ ነው የምመለሰው። እንዲህ ያለች ሰው ሥራ ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳች፣ ለማንኳኳትስ ስንት ቀን በር ላይ እንደቆመች እናንተው ገምቱ። ይህችን ሥራ ካጣሁ ሌላ በር የማንኳኳት አቅም የለኝም ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ሰው ይጾማል፤ ዶሮ ግን የንስሐ አባት የላትም፣ መጣሏን አታቆምም። እንቁላል ገዢ ሲጠፋ እትዬ ዘነበች ከላፍቶ ገበሬዎች በርካሽ እየሰበሰቡ፣ ዘይት ቀብተው፣ ጓዳ ውስጥ በጤፍ ገለባ ቀበሩት። ብልሃቱ መጥፎ አይደለም፤ ዘይቱ አየር ያግዳል፣ ገለባው ያቀዘቅዛል። ለሦስት ሳምንት። እሳቸው ግን ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጾሙት።

በሰሙነ ሕማማት ገለባውን ገለጥንና በባትሪዬ አየሁት። ግማሽ ያህሉ ጨልሟል።

«እትዬ... ይሄ... ጥቁር ነው።»

«የጠቆረው ዓይንሽ ነው!»

«ይሄም...»

«ስሚ ሙሉ፣ በፋሲካ ዋዜማ አፍንጫ ያለው ሰው የለም። ሁሉም በሽንኩርትና በበርበሬ ደንዝዟል። የአንቺ ሥራ እንቁላሉን መብራት ላይ አድርገሽ ‹ጥሩ ነው› ማለት ነው። ሁለት ቃል! እሱም ከከበደሽ ቅዳሜ የመጨረሻ ቀንሽ ይሆናል።»

ለካ የተቀጠርኩት ለዓይኔ አይደለም፤ አፍ የላትም ተብዬ ነው።

ቅዳሜ ሰልፉ ከሱቁ በር እስከ ደረጃው ደረሰ። ከፊት የቆመችው እትዬ ዘነበች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ የምትኖረው አዲስ ሙሽራ፣ ሄለን ናት።

«ሙሉዬ፣ በማርያም አደራሽን! አሥራ ሁለት ጥሩ ጥሩ ምረጪልኝ። ነገ አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ልትገባ ነው። ሠርጌ ላይ ወጡ ጨው በዛበት ብላ እስካሁን ለዘመድ እየደወለች ነው! የገማ እንቁላል ብታገኝማ...»

ከኋላዋ የቆሙት ጡረተኛው ጋሽ ታደሰ ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ነው የምታዪው ወይስ ራጅ ነው የምታነሺው? ፍጠኚ እንጂ!» ይላሉ።

እትዬ ዘነበች ካርቶን አቀበሉኝ። ከጓዳው ነው፤ ገለባው ገና አልተራገፈም። የመጀመሪያውን መብራቱ ላይ አስቀመጥኩ። ድቅድቅ! ሁለተኛውን አስቀመጥኩ። እሱም መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ነው።

«እህ?» አሉ እትዬ ዘነበች ከውጭ። «ጥሩ ነው በያ!»

አፌን ከፈትኩ። «ጥሩ ነው» እንዳልል ውሸት ሆነብኝ፤ «ገምቷል» እንዳልል ሰልፍ ሙሉ ሰው ፊት ማን ደፍሮ! ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እጄን በብርድ ልብሱ ስር አሾልኬ የሄለንን እጅጌ ያዝኩና ወደ ውስጥ ጎተትኳት። መጀመሪያ የዚያን ዕለት ከመጡት ትኩሶች አንዱን አሳየኋት፤ እንደ ብርቱካን ፈካ። ቀጥዬ ያንን...

«ውይ! ይሄ ምንድን ነው? ከሰል ነው እንዴ?»

ሄለን እንደ እኔ አይደለችም፤ ድምፅ አላት። ጋሽ ታደሰ ወዲያው አንገታቸውን አስገቡ። «እስኪ... እስኪ... ወይ ጉድ! ይኼማ ሐዘን ላይ ነው!» ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ልይ ልይ ሲል ብርድ ልብሱ ተቦጭቆ ወደቀ። ታዲያ በፀሐይ እንቁላል አይታይም፤ እኔ ተገላገልኩ ስል፣ ሕዝቡ ራሱ ብርድ ልብሱን በአራት ማዕዘን ይዞ ቆመልኝ! በየተራ ይገባሉ፣ ያያሉ፣ «እግዚኦ!» ብለው ይወጣሉ። ጠዋት ገዝተው የሄዱት ሳይቀሩ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ተመለሱ።

«አፍ የላትም ብዬ ነበር እኮ የቀጠርኳት!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘነበች።

«ታዲያ መች ተናገረች?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ያየነው እኛ!»

ሄለን አሥራ ሁለት የፈኩ መርጣ ሄደች። እኔም ተሰናበትኩ። «ባትሪሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» አሉኝ። ለራሳቸውና ለፋሲካ እንግዶቻቸው ዶሮ ወጥ የሚሆነውን ደግሞ ከዚያው ከገለባው ሥር፣ አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር እየነቀነቁ መረጡ። «እኔ እንቁላል በጆሮዬ ነው የማውቀው!»

ታክሲ ውስጥ እንባዬ እየመጣ ነበር። መካኒሳ ስንደርስ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ደንግጦ፣ «እህቴ፣ አጠገብሽ ነኝ እኮ!» አለኝ።

እሁድ ቀትር ላይ ስልኬ ጠራ። እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ሙሉ... እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ረጅም ዝምታ። በዝምታ እኔን ማን ያሸንፈኛል?

«እንቁላሉ...» አሉ በመጨረሻ፣ «ስቀቅለው... ሁለቱ ድስቱ ውስጥ ፈነዱ።»

«እንግዶቹስ?»

«ወጥተው ደረጃው ላይ ናቸው።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሄለን እንደነገረችኝ የእትዬ ዘነበች እንቁላል ግን ቀስም አላለ፣ እግርም አልጠበቀ፤ ከአራተኛ ፎቅ ቤታቸው ግቢው በር ለመድረስ ሽታው ብቻ በቃው። የሄለን አማት ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የገቡት፤ የሄለን ወጥ ግን እንዴት እንደጣፈጣቸው ልንገራችሁ? ሁለት ጊዜ አስጨመሩ!

«ማክሰኞ ነይ» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«እመጣለሁ» አልኩ። ስልክ ፊት ስለማያሳይ ደፈርኩና ጨመርኩበት፤ «ግን ገዢው ራሱ ገብቶ ይይ።»

«እሺ... ይይ።»

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ገለባው ተጥሏል፤ ብርድ ልብሱም ተሰፍቷል። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ፤ ባትሪዬን ባበራሁ ቁጥር እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ከብርሃኑ ፊት ዞር ይላሉ። እኔ እንኳን ባትሪ፣ ዓይኔንም ወደ ሰው ማዞር አፍራለሁ... እሳቸው ግን ይህን አያውቁም። አልነገርኳቸውም። አፍ የለኝማ!